የበረዶ መላሹ ጣሪያ

በግንቦት ሃያ አንድ ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ መሪጌታ ወልደ ገብርኤል ከቅዳሴ ተመልሰው፣ ጥምጥማቸውን አቃንተው፣ ጉሮሯቸውን ሁለት ጊዜ ጠርገው፣ ለባለቤታቸው ለወለተ ሥላሴ የሚከተለውን አስታወቁ፦

«ጣሪያው ያፈሳል።»

ወለተ ሥላሴ ከተኛችበት ቀና ብላ አየቻቸው። ጣሪያው ማፍሰስ ከጀመረ ዘጠኝ ወር ሆኖታል። አልጋዋ ጠብታ እየሸሸ ከምሥራቅ ግድግዳ ወደ ምዕራብ፣ ከምዕራብ ወደ ሰሜን ዞሯል። የቀረው የደቡቡ ግድግዳ ብቻ ነው፤ እዚያ ደግሞ በሩ አለ።

«እሰይ» አለች። «ወሬው እርስዎም ዘንድ ደረሰ?»

ነገሩ ሲያዩት ቀላል ነው። ጣሪያ ያፈሰሰበት ሰው ቆርቆሮ ይገዛል፣ አናጢ ይጠራል፣ ያስከድናል። የመሪጌታ ጭንቀት ጣሪያው ማፍሰሱ ሳይሆን የበሳው ነገር ነው። የበሳው በረዶ ነው። መሪጌታ ወልደ ገብርኤል ደግሞ የገደል አፍ ሚካኤል አጥቢያ በረዶ መላሽ ናቸው።

ገደል አፍ ከአርብ ገበያ ወዲያ፣ ስሙ እንደሚለው ገደል አፋፍ ላይ የተቀመጠ የገብስ አገር ነው። በክረምት ጥቁር ደመና ሲነሣ መላሹ መስቀሉንና የጸሎት መጽሐፉን ይዞ ወደ ጉብታው ይወጣል፤ ያነባል፣ ያማትባል፤ ደመናውም ወደ ሌላ ሰው አገር ይሄዳል። በታኅሣሥ እህሉ ከአውድማ ሲነሣ እያንዳንዱ ቤት አንድ ቁና ገብስ ያመጣለታል። የመሪጌታ አባትም አያትም ይህንኑ ሲሠሩ ኖረው ሞተዋል። አንድ ሥርዓትም አለ፦ ደመና ሲነሣ በር አይዘጋም። መላሹ ውጭ ቆሞ እየጸለየ በር መዝጋት፣ «አላመንሁህም» ብሎ ፊት ለፊት ከመናገር አይተናነስም። ስለዚህ በገደል አፍ ሰው ምን ነፋስ ቢነፍስ፣ በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶ፣ ነጠላውን ተከናንቦ ይቀመጣል።

አምና ነሐሴ ደመናው አልሄደም። የዶሮ እንቁላል የሚያህል በረዶ ሩብ ሰዓት ሙሉ ወረደ። ገብሱን ከአፈሩ ጋር ለወሰው። የመሪጌታን ጣሪያ እንደ ወንፊት በሳሳው፤ በጣሪያው ያልገባው በተከፈተው በር እየተንከባለለ ገብቶ ከወለተ ሥላሴ አልጋ ሥር ተከመረ። ሲያባራ ሕዝቡ መሪጌታ ደጅ ተሰበሰበ። ማንም የመጀመሪያውን ቃል መናገር አልፈለገም። በመጨረሻ የተክለ ሃይማኖት ማኅበር ሙሴ፣ ማለት ሰብሳቢው፣ አያ ስማቸው፣ ምላሳቸው ቅቤ የተቀባ ሽማግሌ፣ ዱላቸውን ተደግፈው ጉዳዩን ፈቱት።

«የኔታማ መልሰውታል» አሉ። «በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። ወደ ስማዳ ነው የሄደው። የስማዳው መላሽ ነው መልሶ የላከብን።»

«እውነት ነው» አለ ሕዝቡ። «ያልተመለሰ በረዶ አይደለም። ተመልሶ የመጣ ነው።»

በታኅሣሥ ቁናው መጣ። ጎደሎ ነበር፤ የሚሞላበት ገብስ አልነበረምና፤ ግን መጣ። መሪጌታ ሲቀበሉ የሰጪውን ዓይን አላዩም። ሰጪውም የእሳቸውን አላየም። በገደል አፍ ከበረዶ የሚከብድ ነገር ቢኖር ይሉኝታ ነው።

እንግዲህ ቆርቆሮ ቢቀይሩ፣ በረዶ መላሹ በረዶ ፈራ ማለት ነው። ባይቀይሩ ደግሞ ወለተ ሥላሴ አለች። ደረቷን ካመማት ቆይቷል። የጤና ጣቢያዋ ነርስ መድኃኒቱን ከሰጠች በኋላ ቤቱን ዞር ዞር ብላ አይታ፣ «አባቴ፣ ሌላ ክረምት እርጥብ አልጋ ላይ ከተኙ እኔ የማደርግላቸው ነገር የለም» ብላለች። መሪጌታ ይህን ቃል ለማንም አልተናገሩም። ወለተ ሥላሴም መስማቷን አልነገረቻቸውም።

አሮጌውን ቆርቆሮ የመረጡት ራሳቸው ነበሩ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት የሣር ቤታቸውን ሲያፈርሱ፣ የአርብ ገበያው ነጋዴ «ባለ ሃያ ስምንት አለ፣ ባለ ሠላሳ ሁለት አለ፣ ባለ ሠላሳ አምስት አለ፤ የቱን ላውጣ?» ብሎ ጠየቀ። መሪጌታ ጥቂት አሰቡና «ትልቁን» አሉ። የተማረ ሰው መርጦታል ተብሎ አጥቢያው በሙሉ ትልቁን ገዛ።

አሁን ግን አርብ ገበያ መግዛት አይታሰብም። በአርብ ገበያ የማይታይ ኃጢአት የለም። ስለዚህ ከሁለቱ በሬዎቻቸው አንዱን ሸጡና፣ «ዓይኔ ደክሟል፤ ንፋስ መውጫ ሄጄ ልታይ» ብለው አስወሩ። ጎረቤታቸው ታንጉት፣ የሰው ነገር ሳታይ የማትውል ሴት፣ አጥር ድረስ ሸኘቻቸው።

«ይማርዎት የኔታ። ዓይን ክፉ ነው። ያላየው ይሻላል።»

ንፋስ መውጫ ከአስፋልቱ ዳር አንድ የግንባታ ዕቃ ሱቅ ገቡ። ሱቁን የያዘችው ሕይወት የምትባል ልጅ ናት፤ በባዮሎጂ ተመርቃ ሥራ እስክታገኝ ሚስማር ትሸጣለች።

«ምን ልታዘዝ አባቴ?»

«ቆርቆሮ ነበር። ጠንካራ።»

«ምኑን እንዲችልልዎት ነው?»

መሪጌታ ወደ በሩ ዞር ብለው አዩ። «ከላይ የሚመጣውን።»

«ዝናብ?»

«ከዝናብ ጠንከር ያለ።»

«በረዶ?»

«በረዶ የለም!» አሉ፤ ሳያስቡት ድምፃቸው ወጣ። «እኛ አገር በረዶ የሚባል ነገር የለም። ዝንጀሮ ነው።»

«ዝንጀሮ?»

«ከገደሉ ይወጣና ድንጋይ ይወረውራል። ጣሪያ ላይ።»

ሕይወት አልሳቀችም። በደንበኛ አለመሳቅ የሱቅ ሙያ ነው። «ከየት ነው የመጡት?»

«ከታች ጋይንት። ከአርብ ገበያ ወዲያ።»

«ከገደል አፍ?»

«… አጠገቡ ነው።»

«አዎ» አለች ቆርቆሮ እየጎተተች። «እዚያ ዝንጀሮ በዝቷል።»

ሦስት ቆርቆሮ አውጥታ ደጁ ላይ በተሠራ የእንጨት ርብራብ አጋደመቻቸው። ሰው በዓይኑ ካላየ አይገዛም ብላ፣ ከሱቁ ደረጃ ላይ የሚለቀቅ ድንጋይ አዘጋጅታ ነበር። መሪጌታ ግን የራሳቸውን ድንጋይ ከኪሳቸው አወጡ። ክብና ለስላሳ ናት። ከወንዝ ዳር ሦስት ቀን ሲመርጡ ከርመው ያገኟት፣ አምና ደጃቸው ላይ አንሥተው መዳፋቸው ውስጥ እስክትቀልጥ የያዟትን የምታህል።

«ዝንጀሮው የሚወረውረው ይህችን ያህላል» አሉ።

«በደንብ ነው የለኩት» አለች ሕይወት፤ ደረጃውን ወጣች።

በመጀመሪያ ባለ ሠላሳ አምስቱን መታችው። ጫ! አለና እንደ ሽምብራ ቂጣ ተሰነጠቀ። ባለ ሠላሳ ሁለቱ ሰረጎደ፤ ጭልፋ የሚያህል ጉድጓድ ያዘ። ባለ ሃያ ስምንቱን ስትመታው «ዱም» አለ፣ እንደ ከበሮ። ድንጋይቱ ተንከባልላ መሪጌታ እግር ሥር መጣች።

«ይኸ ነው የዝንጀሮው» አለች ሕይወት። «ሃያ ስምንት።»

«ሠላሳ አምስት ከሃያ ስምንት አይበልጥም እንዴ?»

«ቆርቆሮ ላይ ቁጥሩ ሲያድግ ውፍረቱ ይሳሳል፣ አባቴ።»

መሪጌታ ድንጋያቸውን አንሥተው ወደ ኪሳቸው መለሱ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አጥቢያውን በብራና ሸፍነውት ኖረዋል ማለት ነው። «ፊተኞች ኋለኞች ይሆናሉ» የሚለውን ቃል አርባ ዓመት ሲያስተምሩ ቆርቆሮንም እንደሚጨምር አላስተዋሉም ነበር።

ከባለ ሃያ ስምንቱ ሠላሳ ፍሬ ገዝተው ኢሱዙ ላይ ጭነው፣ ከላይ ጭድ ነስንሰውበት ተመለሱ። በጋው ስላልወጣ መኪናው እስከ ደጃቸው ደረሰ። ጭዱ በየጉድጓዱ ይጮኽ ነበር። ታንጉት አጥሯ ላይ ቆማለች።

«ጭድ ነው የኔታ?»

«ጭድ ነው።»

«ጥሩ ጭድ ነው» አለች። «ዓይንዎትስ?»

«ተሻለው።»

አናጢው ሙሉቀን በማግስቱ መጣ። ንፋስ መውጫ ኮሌጅ ግንባታ የተማረ፣ በአጥቢያው ያለውን ጣሪያ ሁሉ የሠራ ጎልማሳ ነው። የድሮውን ቆርቆሮ አንድ በአንድ እየነቀለ ሲያወርድ፣ ፀሐዩ በቀዳዳው እያለፈ መሬቱን ነጠብጣብ ያደርገዋል። መሪጌታ ከታች ሆነው ይቀበሉታል።

«ዝገት ነው» አሉት፣ ሳይጠይቃቸው።

ሙሉቀን በጣቱ አንዱን ቀዳዳ ነካ ነካ አደረገ። ጠርዙ ወደ ውስጥ ታጥፏል። ዝገት እንዲህ አያጥፍም። «ዝገት ክፉ ነው» አለ። ጥቂት ሠራና መዶሻውን ወራጁ ላይ አስቀመጠ።

«የኔታ፣ አንድ ነገር ብነግርዎት አይቆጡም?»

«ተናገር።»

«በአጥቢያው የቀረው ባለ ሠላሳ አምስት ይኸ የእርስዎ ብቻ ነበር።»

መሪጌታ ቆርቆሮውን እንደያዙ ቀሩ። «የቀረው ስትል?»

«ሌላው ሁሉ ተቀይሯል። በሃያ ስምንት።»

«መቼ?»

«ከጥቅምት ጀምሮ። እኔው ነኝ የሠራሁት። ቀለሙን አሮጌ እንዲመስል አመድ አስቀቡኝ። እርስዎ በዚያ ሲያልፉ ደግሞ ዶሮ ማደሪያ ነው የምሠራው እል ነበር።»

መሪጌታ አስታወሱ። በዚያ ዓመት ገደል አፍ ውስጥ ብዙ የዶሮ ማደሪያ ሲሠራ ሰምተዋል። ዶሮ ግን አልበዛም ነበር።

«አያ ስማቸውም?»

«የመጀመሪያው እሳቸው ናቸው። ልጄ ከባሕር ዳር ላከልኝ፣ ልጅ የላከው አይመለስም አሉ።»

«ታንጉትስ?»

«ድመት።»

«የምን ድመት?»

«ድመቷ እየዘለለች በሳችው ነው ያሉኝ።»

«ቄሰ ገበዙ?»

ሙሉቀን አንገቱን አቀረቀረ። «ዝንጀሮ።»

መሪጌታ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ዝንጀሮውን የፈጠሩት እሳቸው ይመስላቸው ነበር። ጸሎታቸውን ሙሉ በሙሉ ባያምኑት እንኳ ሙሉ በሙሉ አልካዱትም ነበር፤ በልባቸው አንድ ቁና የምትሞላ ባትሆን ግማሽ ቁና የምትሆን እምነት ነበረቻቸው። አሁን ሲያስቡት፣ ከጥቅምት ወዲህ በገደል አፍ በዚያች ግማሽ ቁና ሥር የኖረው ሰው እሳቸውና የታመመች ሚስታቸው ብቻ ናቸው።

«ታዲያ ቁናውን ለምን አመጡልኝ?»

«እንዴ የኔታ!» አለ ሙሉቀን፤ እውነት ደንግጦ። «እርስዎ እንዳይከፋዎት ነዋ። ‹እሳቸው ያምኑበታል፣ የሽማግሌ ሰው ልብ መስበር ነው› ብለው።»

 መሪጌታ ተነሥተው የሚቀጥለውን ቆርቆሮ ለመቀበል እጃቸውን ዘረጉ።

«ሚስማሩን አጥብቀው» አሉ።

ጣሪያው በሰኔ መጀመሪያ አለቀ። ወለተ ሥላሴ አልጋዋን ወደ ምሥራቅ ግድግዳ አስመለሰች። ዝናቡ ሲጀምር ዓይኗን ወራጁ ላይ ተክላ ጠበቀች፤ ጠብታ የለም። ሐምሌን ጠብታ ሳይነካት ወጣች። ሳሏ አልለቀቃትም፤ ግን ትራስ ተደግፋ መቀመጥ ጀመረች፤ ፈትልም ትነካካ ነበር። አንድ ቀን ከበሩ ወዲያ የሚታየውን ገብስ ስታይ ቆየችና፣

«እኛስ ተከደንን» አለች። «እሱን ማን ይከድነዋል?»

 ለገብስ የሚሆን ቆርቆሮ ንፋስ መውጫም የለም።

ነሐሴ ሃያ አራት የተክለ ሃይማኖት ማኅበር ተራው የመሪጌታ ቤት ነበር። ማኅበርተኛው ከሰዓት በኋላ ተሰበሰበ፤ ጸሎት ተደረገ፤ ዳቦው ተቆረሰ፤ ጠላው ዞረ። ገብሱ ፍሬ ይዞ ቢጫ ሊሆን ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። አምና ስላላመረተ ዘንድሮ ሰው ሁሉ የዘራው ተበድሮ ነው። ስለዚያ ግን ማንም አላወራም። ያወሩት ስለ ጣሪያው ነው።

«አምሮበታል የኔታ» አሉ አያ ስማቸው ወደ ላይ እያዩ። «ዝገት አይደፍረውም።»

«ዝገትስ አይደፍረውም» አሉ መሪጌታ። «የእርስዎስ? ልጅዎ የላከልዎት?»

አያ ስማቸው ጠላቸውን ጠጡ። «ዶሮዎቹ ደህና ናቸው» አሉ።

«ድመትም አትበሳው» አለች ታንጉት።

«እንግዲህ ዝንጀሮው ነው የሚያሰጋው» አሉ መሪጌታ ቀስ ብለው። ቄሰ ገበዙ ሳላቸው መጣ።

ከዚያ ቤቱ ጨለመ። ከጉና በኩል የተነሣው ደመና ሳያዩት ደርሶ ኖሯል፤ ሆዱ አረንጓዴ ነው። የገደል አፍ ሰው ሆዱ አረንጓዴ የሆነ ደመና ምን እንደሆነ ከልጅነቱ ያውቃል። ወሬው ቆመ። ሁሉም ዋንጫውን ያይ ጀመር። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ነፋሱ ገብቶ የወለተ ሥላሴን ጋቢ አነሣው። ሳለች።

መሪጌታ ተነሡ። መስቀላቸውንና መጽሐፋቸውን ከግድግዳው አወረዱ። ማንም ቀና ብሎ አላያቸውም፤ ሁሉም ግን በአክብሮት ብድግ አለላቸው።

«እግዚአብሔር ያበርታዎት የኔታ» አሉ አያ ስማቸው።

ጉብታው ከቤቱ ሃያ እርምጃ ነው። መሪጌታ ወጡና ቆሙ። መጽሐፉን ከፈቱ፤ ቃሉን በቃላቸው ስለሚያውቁት ገጹን አላዩም፤ ያዩት ገብሱን ነው። ነፋሱ እያጎነበሰው መልሶ ያቀናዋል። ማንበብ ጀመሩ። ድምፃቸው መልካም ነበር፤ ድምፃቸው ሁልጊዜ መልካም ነው።

የመጀመሪያይቱ በረዶ ከታች፣ የአያ ስማቸው ቤት ላይ ወደቀች። ዱም። ቀጥላ የታንጉት ጣሪያ ላይ። ዱም። የቄሰ ገበዙ። ዱም። መሪጌታ ማንበባቸውን ሳያቋርጡ አዳመጡ። ከአፋፉ እስከ አፋፉ፣ አንዱም «ጫ» ያለ ቤት የለም። አመድ የተቀባው ሁሉ በአንድ ድምፅ ተናገረ።

ከዚያ በሙሉ ወረደ። ገብሱ አንድ ጊዜ ጎነበሰ፤ መልሶ አልቀናም። ከጉብታው ሥር ጀምሮ ማሳ በማሳ፣ ምንጣፍ እንደሚጠቀለል ሆኖ ሲሄድ ቆመው አዩት። አንዲቱ ጥምጥማቸው ላይ፣ ሌላይቱ መጽሐፉን የያዘው እጃቸው ላይ አረፈች። ገጹ ተቀደደ።

ከበሩ ታንጉት ጮኸች። በገደል አፍ መላሹ ቆሞ እያለ እንዲህ ያለ ቃል ከዚያ በፊት ወጥቶ አያውቅም።

«የኔታ! ይመታዎታል! ይግቡ እንጂ!»

ዞር አሉ። ማኅበርተኛው በተከፈተው በር ውስጥ ነጠላውን ተከናንቦ ተደርድሯል። በእግሮቻቸው መካከል በረዶው እየተንከባለለ ወደ ውስጥ፣ ወደ ምሥራቁ ግድግዳ ይሄዳል። የወለተ ሥላሴ አልጋ እግር ሥር ነጭ ሆኗል። እሷ ጉልበቷን ሰብስባ፣ ጋቢዋን እስከ አገጯ ስባ፣ ወደ እሳቸው ታያለች፤ አልጠራቻቸውም።

መሪጌታ መጽሐፉን አጥፈው ብብታቸው ሥር ከተቱት። ከጉብታው ወረዱ። ሰዉ ከፈል ብሎ አሳለፋቸው። ጣሪያው እያገሣ ነው፤ ጠብታ ግን የለም። በጥምጥማቸው ላይ የተጋገረውን በረዶ አራገፉ፣ ወደ በሩ ዞሩ፣ በሁለት እጃቸው ገፍተው ዘጉት።

 አያ ስማቸው በጨለማው ውስጥ መደቡ ላይ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁላቸው።

«መቀርቀሪያውንም» አለች ወለተ ሥላሴ። «ነፋሱ ይከፍተዋል።»

ቄሰ ገበዙ ተነሥተው መቀርቀሪያውን ጣሉበት።